ከሸኮ ምንጭ እስከ ባሕር ጠረፍ፤ ከስፍራው የወጣ ፍጥረት በውሃ ላይ ስለሚያደርሰው ጥፋት

፩ኛ፤ ስለ ውሃው መንገድ

ተማሪዎች ሆይ፤ በሸኮ አገር የተወለደ ልጅ ባሕርን በዓይኑ ሳያይ ሊያድግ ይችላል። ነገር ግን ጧት በእንስራ የሚቀዳው ውሃ ከባሕር ጋራ የተያያዘ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። የዚህ አገር ውሃ አብዛኛው ወደ ምዕራብ ይወርዳልና። ከሚዛን ተፈሪ አጠገብ ካለው ደጋ የሚነሣው የጊሎ ወንዝ የጋምቤላን ቆላ አቋርጦ በደቡብ ሱዳን ወሰን ላይ ከፒቦር ወንዝ ጋራ ይገናኛል። ፒቦርም ከባሮ ጋራ ሲጋጠም ሶባት ይባላል፤ ሶባት ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል፤ ነጭ ዓባይም በካርቱም ከተማ ከጣና በኩል ከሚመጣው ዓባይ ጋራ ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አንድ ሆነው የሱዳንንና የግብጽን በረሓ አልፈው ሜዲትራኒያን ከሚባለው ባሕር ይፈስሳሉ።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት የውሃውን መንገድ ተከትለን ከምንጩ እስከ ባሕሩ ጠረፍ እንወርዳለን። በየደረስንበትም አንድ ጥያቄ እንጠይቃለን፤ ይኸውም በተፈጠረበት ስፍራ ሲኖር ጉዳት የሌለው ተክል ወይም እንስሳ ወደ ሌላ ውሃ ሲዛወር ስለ ምን አጥፊ ይሆናል የሚል ነው። የውጭ አገር ነገር ስንናገር ዘመኑን የምንጽፈው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

፪ኛ፤ ፍጥረት በስፍራው ሳለ

ወደ ሩቅ ከመሄዳችን አስቀድሞ በደጃችን ካለው እንጀምር። ቡና ማንም ሳይተክለው በዱር የበቀለበት አገር ይህ የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ነው። ከጫካ ቡና አንዱን ቅጠል ገልብጣችሁ ብታዩ አንዳንድ ጊዜ በሥሩ ብርቱካን የመሰለ ደቃቅ ዱቄት ታገኛላችሁ። ይህ የቡና ቅጠል ዋግ የሚባለው በሽታ ነው፤ እርሱም ከሻጋታ ወገን ነው። ዋጉ በጫካችን ይኖራል፤ ነገር ግን ጫካውን አያጠፋም። ምክንያቱም ብዙ ነው። ቡናው በዋንዛና በሌሎች ታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተበታትኖ ይበቅላል፤ የአንዱ ቡና ጠባይ ከሌላው የተለየ ስለ ሆነ በሽታው ሁሉንም በአንድነት አይጥልም፤ ደግሞም ዋጉን ራሱን የሚበላ ሌላ ሻጋታ በዚያው ቅጠል ላይ ይገኛል።

ይኸው ዋግ በ1869 ዓ.ም. ሴሎን በምትባለው ደሴት፥ በዛሬ ስሟ በስሪ ላንካ፥ ታየ። በዚያ ኮረብታው ሁሉ አንድ ዐይነት በሆነ ቡና ተሸፍኖ ነበር፤ ዋጉን የሚገታው ጎረቤት ግን አልነበረም። ከዚህም የተነሣ ጥቂት አሥር ዓመታት ሳያልፉ የደሴቲቱ የቡና እርሻ ጠፋ፤ ባለ እርሻዎቹም በቡናው ፈንታ ሻይ ተከሉ።

ከዚህ የምንማረው ይህ ነው። ፍጥረት ሁሉ በስፍራው ሳለ የሚበላው፥ የሚሻማውና የሚገታው ጎረቤት አለው፤ በዚህም በመጠኑ ይኖራል። ከስፍራው ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሲገባ ግን ጎረቤቶቹን ከኋላው ትቶ ይሄዳል፤ መጠኑም ከዚያ ይቀራል። በምድር ላይ የሆነው በውሃም ውስጥ እንዲሁ ነው።

፫ኛ፤ በጊሎና በባሮ፤ የእምቦጭ ነገር

ውሃውን ተከትለን ወደ ጋምቤላ ብንወርድ በጊሎ፥ በባሮና በፒቦር ላይ የሚንሳፈፍ አንድ ተክል እናገኛለን። ቅጠሉ ወፍራምና የሚያብረቀርቅ ነው፤ የቅጠሉ አንገት አብጦ በውስጡ አየር ስለ ያዘ አይሰጥምም፤ ሥሩ በውሃው ውስጥ እንደ ጢም ተንጠልጥሏል፤ አበባው ሐምራዊና እጅግ ያማረ ነው። ስሙ እምቦጭ ይባላል። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፥ አማዞን የሚባለው ወንዝ የሚፈስስበት ምድር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ሰዎች አበባውን ወደዱና ለጌጥ ብለው ከአገር ወደ አገር ወሰዱት፤ ወደ ግብጽም የገባው በዚሁ ምክንያት ነው። በሱዳን በነጭ ዓባይ ላይ በ1958 ዓ.ም. ታየ፤ መንግሥቱም ብዙ ዘመን መድኃኒት እየረጨ ተዋጋው። በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1965 ዓ.ም. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ነው። ይህን ሁሉ ጉዞ ያደረገው በገዛ እግሩ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያውን መንገድ ያሻገረው የሰው እጅ ነው።

እምቦጭ የሚባዛው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፤ ከእናቲቱ ጎን ቀጭን ሐረግ ወጥቶ በጫፉ ልጅ ያበቅላል፤ ሐረጉም ሲበጠስ ልጂቱ በውሃው ላይ ተንሳፍፋ ለብቻዋ ትኖራለች። ሁለተኛ፤ አበባው ዘር ይጥላል፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ተቀብሮ እስከ 20 ዓመት ድረስ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንየው። አንዲት እምቦጭ ሙቀቱና ምግቡ ከተስማማት በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ትሆናለች እንበል። በአራተኛው ሳምንት አራት፥ በስድስተኛው ስምንት ይሆናሉ። እንዲህ እየተባለ ሲቈጠር በ20ኛው ሳምንት 1,024 ይሆናሉ፤ በ40ኛው ሳምንት ግን፥ ቦታ ካልጠበባቸው፥ 1,048,576 ይሆናሉ። አንድ ኵሬ በ40ኛው ሳምንት ፈጽሞ ቢሸፈን፥ በ38ኛው ሳምንት ገና ግማሹ ባዶ ነበር፤ በ32ኛው ሳምንት ደግሞ የተያዘው ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ነበር። በዚያን ጊዜ በአጠገቡ ያለፈ ሰው «ይህች ምን ታደርጋለች» ብሎ ንቆ ይሄዳል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን ውሃው አይታይም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።

፬ኛ፤ ጣና ምን እንደ ደረሰበት

እኛ የምንኖረው በደጋ ነውና የቆላ አረም አይደርስብንም የሚል ሰው ቢኖር ጣናን ይመልከት። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኝ፥ ከአገራችን ሐይቆች ሁሉ የሚሰፋ ሐይቅ ነው። ከፍታው ከእምቦጭ አላዳነውም። በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ግድም አረሙ በሐይቁ ላይ መኖሩ ታወቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም በሰሜን ምሥራቅ በኩል በደምቢያ፥ በጎንደር ዙሪያ፥ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ያለውን የሐይቁን ዳርቻ ያዘ።

የጣና ጉዳት በብዙ ወገን ነው። አረሙ እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ውሃውን ሲሸፍን የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ብርሃን ሲጠፋ በውሃው ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ ለምለም ይሞታል፤ የሞተውም ሲበሰብስ ዓሣ የሚተነፍሰውን አየር ይጨርሳል። በጣና ደግሞ በዓለም ላይ በሌላ በማንም ውሃ የማይገኙ የዓሣ ዐይነቶች አሉ፤ እነርሱ ከዚያ ከጠፉ ከምድር ሁሉ ጠፉ ማለት ነው። ዓሣ አስጋሪው ታንኳውን በአረሙ መካከል መግፋት ያቅተዋል፤ መረቡም በሥሩ ይጠላለፋል። የባላገሩ ከብት ውሃ የሚጠጣበትና ሣር የሚግጥበት ዳርቻ ይያዛል። አረሙ በሰፊ ቅጠሉ ውሃውን ወደ ሰማይ ስለሚያተንን የሐይቁን ውሃ ይቀንሳል። ከሥሩ መካከልም የወባ ትንኝና የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ መጠጊያ ያገኛሉ።

ባላገሩ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ገበሬዎች እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ እየገቡ አረሙን በእጃቸው ነቅለው በዳርቻው ከመሩት፤ መኪናዎችም ተገዝተው ሠሩ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ብዙ ሕዝብ የተሰለፈበት ታላቅ ዘመቻ ተደረገ። ነገር ግን በጭቃው የቀረው ዘር በየክረምቱ እንደገና ስለሚበቅል የተነቀለው ስፍራ ተመልሶ ይለመልማል። አረሙን የሚመግበውም ከእርሻ በጎርፍ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ ነው። ስለዚህ የጣና መከራ ከሐይቁ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከኮረብታው ላይ ካለው እርሻም የወረደ ነው። አንዲት ተክል በአንድ ልጅ እጅ ትነቀል በነበረበት ጊዜ አልተነቀለችምና፥ አሁን የብዙ ሺህ ሰው ድካም ያስፈልጋታል።

፭ኛ፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ፤ መልካም ያሰበ ሰው ያደረገው ስሕተት

ሶባትን የሚቀበለው ነጭ ዓባይ ከላይ የሚመጣው ከቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። በዚህ ሐይቅ የሆነው ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው፤ ጥፋት አድራሹ ለእኛ ባዕድ አይደለምና። የናይል ፐርች የሚባለው ትልቅ ዓሣ በባሮ፥ በኦሞ፥ በዓባያና በጫሞ ከጥንት ጀምሮ ይኖራል። ከ100 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ትንንሽ ዓሦችንም ይበላል። ነገር ግን በእነዚህ ውሃዎች ያሉት ዓሦች ከእርሱ ጋራ አብረው የኖሩ ስለ ሆኑ መሸሸጉንና ማምለጡን ያውቃሉ።

በ1950ዎቹ ዓመታት የሐይቁን ዓሣ ሀብት እናበዛለን ያሉ ሰዎች ይህን ዓሣ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ አገቡት። በዚያ እንዲህ ያለ አዳኝ የማያውቁ በመቶ የሚቆጠሩ ዐይነት ትንንሽ ዓሦች ነበሩ። በ1980ዎቹ ዓመታት ፐርቹ ሐይቁን ሞላው፤ ከትንንሾቹም ዐይነቶች እጅግ ብዙዎቹ ጠፉ። እውነቱን ለመናገር ከፐርቹ ብዙ ገንዘብ ተገኝቷል፤ ሥጋው ወደ አውሮጳ ይሸጣልና። ነገር ግን የሐይቁ ዳር ሰው ቀድሞ ትንንሹን ዓሣ በፀሐይ አድርቆ ያኖር ነበር፤ ፐርቹ ስብ ስለሚበዛው በፀሐይ አይደርቅም፥ በጢስ እንጂ። ለጢሱም ዛፍ ተቈረጠ፤ ዛፉ ሲቈረጥ አፈሩ ወደ ሐይቁ ታጠበ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚባለው ይህ ነው።

እምቦጭም ወደዚሁ ሐይቅ ገብቶ ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት ሊቃውንት በደቡብ አሜሪካ እምቦጭን ብቻ የሚበላ ትንሽ ነቀዝ መሰል ጢንዚዛ መርጠው፥ ሌላ እህል ወይም ተክል እንዳይነካ በብዙ ምርመራ ካረጋገጡ በኋላ በሐይቁ ለቀቁት፤ አረሙም እጅግ ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ፐርቹም ጢንዚዛውም ከሌላ ውሃ የመጡ ናቸው። ልዩነቱ አንዱ ሳይመረመር፥ አንዱ ተመርምሮ መግባቱ ነው።

፮ኛ፤ በባሕሩ ጠረፍ

አሁን ውሃችን ከባሕር ደርሷል። ሐይቅ ቢበላሽ ዳርቻው ይታያል፤ ባሕር ግን ዳርቻው ሩቅ ስለ ሆነ ሰው ጥፋት የማይደርስበት ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከባሕር ሁሉ ይልቅ ሕይወት የሚበዛው በጠረፉ ነው፤ ዓሣ የሚፈለፈለው፥ ዛጎል የሚኖረው፥ ሰውም መረቡን የሚጥለው በዚያ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። እንግዳ ፍጥረትም አስቀድሞ የሚያርፈው በዚያ ነው።

በሴሎን የቡናው ዋግ በታየበት በ1869 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ተከፍቶ ቀይ ባሕርና ሜዲትራኒያን ተገናኙ። ሰዎች ለመርከብ የከፈቱት መንገድ ለዓሣም መንገድ ሆነ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በመቶ የሚቆጠሩ የቀይ ባሕር ፍጥረታት ወደ ሜዲትራኒያን አልፈዋል። ከእነዚህ መካከል ጥንቸል ዓሣ የሚባሉት የባሕሩን ሣር ይግጣሉ። በቀይ ባሕር በብዙ ዐይነት ፍጥረት መካከል በመጠን ይኖሩ ነበር፤ በአዲሱ ጠረፍ ግን ድንጋዩን እስኪራቆት ድረስ ግጠው ትንንሽ ዓሦች የሚያድጉበትን መጠለያ አጠፉ። ከዚህም ሌላ ራሱን እንደ ፊኛ የሚነፋ አንድ መርዘኛ ዓሣ በ2003 ዓ.ም. በቱርክ ጠረፍ ታየ፤ የአስጋሪዎችን መረብ በጥርሱ ይቈርጣል፤ የበላውንም ሰው ሊገድል ይችላል።

ሁለተኛው የባሕር መንገድ የመርከብ ሆድ ነው። ጭነት የሌለው መርከብ በማዕበል እንዳይገለበጥ በሆዱ የባሕር ውሃ ይሞላል፤ ጭነት ወደሚቀበልበት ወደብ ሲደርስም ያንን ውሃ ያፈስሳል። በውሃው ውስጥ ግን እንቁላልና ደቃቅ እንስሳ አብሮ ይሄዳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንደ ቅንጭብ የለሰለሰና ብርሃን የሚያሳልፍ አንድ የአሜሪካ ጠረፍ እንስሳ በዚህ መንገድ ጥቁር ባሕር ወደሚባለው ደረሰ። እንስሳው የዓሣን እንቁላልና የዓሣን ምግብ ይበላል። ዓሣውን ከመጠን በላይ ማስገርም ተጨምሮበት፥ በዚያ አሥር ዓመት መጨረሻ የትንሹ ዓሣ ምርት ወደቀ፤ ብዙ አስጋሪም ሥራውን አጣ። በ1997 ዓ.ም. ያንን እንስሳ የሚበላ ሌላ የእርሱ ወገን ወደ ጥቁር ባሕር ገባ፤ ያን ጊዜ አጥፊው ቀነሰ። እነሆ፤ የተወው ጎረቤት ተከትሎት ሲመጣ መጠኑም ተመለሰ። ነገር ግን ይህ በአጋጣሚ የሆነ ነውና ሰው ሊተማመንበት አይገባም።

ከዚህ በኋላ መንግሥታት በ2004 ዓ.ም. ስለ መርከብ ውሃ አንድ ስምምነት አደረጉ፤ በ2017 ዓ.ም. ይሠራበት ጀመር። መርከቦች ውሃውን ከማፍሰሳቸው በፊት እንዲያጠሩት የሚያዝዝ ነው። ይህ ነገር ሸኮን የማይነካ አይምሰላችሁ። የዚህ አገር ቡና ወደ ውጭ የሚሄደው በጅቡቲ ወደብ በመርከብ ተጭኖ ነው። አባታችሁ የለቀመው ቡና በሚጫንበት ወደብ ባዶውን የመጣው መርከብ ውሃውን በጥንቃቄ ቢያፈስስ ወይም ባያፈስስ የዚያ ጠረፍ ዕድል ይለወጣል።

፯ኛ፤ እንግዳ ሁሉ ጠላት አይደለም

ይህን የሰማ ልጅ ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ ክፉ ነው እንዳይል። በቆሎ፥ ድንችና በርበሬ የትውልድ አገራቸው አሜሪካ ነው፤ ዛሬ ግን የቤታችን ምግብ ናቸው። በቆሎን በአንዳንድ አገር የባሕር ማሽላ ይሉታል፤ ባሕር ዛፍንም እንዲሁ በባሕር ስም ይጠሩታል። ሕዝባችን ከባሕር ማዶ የመጣውን በስሙ ምልክት አድርጎለታል ማለት ነው። በቆሎ ሰው ካልዘራው በዱር አይስፋፋም፤ ካላረመውም ይጠፋል። እምቦጭ ግን ማንም ሳይዘራው ይባዛል፤ ቢነቅሉትም ይመለሳል። መለያው ይህ ነው። ደግሞም ይህ ትምህርት ስለ ተክልና ስለ እንስሳ እንጂ ስለ ሰው አይደለም፤ እንግዳ ሰው መቀበል የአገራችን መልካም ልማድ ነው።

፰ኛ፤ ከእኛ የሚጠበቀው ሥራ

ምናልባት ከእናንተ አንዱ ከዘመዶቹ ጋራ ወደ ጋምቤላ ይወርድ ይሆናል። በባሮ ዳር ያንን ሐምራዊ አበባ አይቶ ደስ ይለው ይሆናል። በቆርቆሮ ውሃ አድርጎ ለእናቱ ወይም ለትምህርት ቤቱ ኵሬ ቢያመጣው ማንም ክፉ ሰው አይለውም፤ ወደ ግብጽ የወሰዱትም ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። የእኛ ወንዞች በቁልቁለት ስለሚሮጡ ለእምቦጭ አይመቹት ይሆናል፤ ነገር ግን ለመስኖ የተገደበ ውሃ፥ ዓሣ የሚረባበት ጉድጓድና የረጋ ኵሬ ሁሉ ይመቹታል። ስለዚህ እነዚህን አምስት ነገሮች ጠብቁ።

አንደኛ፤ የውሃ ተክልን፥ ዓሣንም ሆነ ቀንድ አውጣን ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ ውሃ አታዛውሩ።

ሁለተኛ፤ መረብና ታንኳ፥ እንስራም ቢሆን፥ ከሌላ ውሃ ሲመጣ አራግፋችሁና በፀሐይ አድርቃችሁ ተጠቀሙበት።

ሦስተኛ፤ የማታውቁት ተንሳፋፊ ተክል ብታዩ በዚያው ቀን ለመምህራችሁና ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ንገሩ። ወደ ጥልቅ ውሃ ግን ብቻችሁን አትግቡ።

አራተኛ፤ እምቦጭ ሲነቀል ከነሥሩ ይነቀል፤ ከዳር አይጣል፤ ጎርፍ ከማይደርስበት ስፍራ ተወስዶ ይድረቅና ይቃጠል።

አምስተኛ፤ በምንጭና በወንዝ ዳር ያለውን ዛፍ ጠብቁ። ሥሩ አፈሩን ከያዘ ውሃው ንጹሕ ይሆናል፤ በንጹሕ ውሃም አረሙ ምግብ ያጣል።

ጊሎ ከደጋችን ተነሥቶ ሲወርድ የወረደውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። ከላይ ያለ ሰው ውሃውን በንጽሕና ቢያሳልፍ ከታች ላለው ወንድሙ ስጦታ ነው፤ ከላይ ያለውም ሰው ከታች የመጣውን ጥፋት በእጁ ይዞ ካልወጣ ምንጩ ይተርፍለታል።

ጥያቄ

፩፤ ከሚዛን ተፈሪ ደጋ የሚነሣው ውሃ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ በየትኞቹ ወንዞች ያልፋል? በቅደም ተከተል ጻፉ።

፪፤ የቡና ቅጠል ዋግ የእኛን ጫካ ሳያጠፋ የሴሎንን እርሻ ያጠፋው ስለ ምንድን ነው?

፫፤ በየሁለት ሳምንቱ እጥፍ የሚሆን አረም አንድን ኵሬ በ30ኛው ሳምንት ፈጽሞ ቢሸፍነው፥ በ24ኛው ሳምንት የሸፈነው ከስንት እጅ አንዱን ነበር?

፬፤ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ በገባው ፐርችና በጢንዚዛው መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

፭፤ በመርከብ ሆድ ያለ ውሃ የባሕርን ጠረፍ እንዴት ሊጎዳ ይችላል?

፮፤ ማታ ወደ ቤት ስትገቡ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ በልጅነታቸው በዚህ አገር ያልነበረ፥ አሁን ግን በእርሻ፥ በመንገድ ዳር ወይም በውሃ ላይ የሚታይ ተክል የትኛው ነው? ስሙን፥ የታየበትን ዘመንና የሰጠውን ጥቅም ወይም ያደረሰውን ጉዳት ጽፋችሁ ወደ ትምህርት ቤት አምጡ።